ጥርስን ያለ ጉዳት ስለ ማንጣት

በሀገራችን የሰው መልክ ሲመሰገን ሐጫ በረዶ የመሰለ ጥርስ ሳይነሣ አይቀርም። ብዙዎች እናቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ ተነቅሰው ያጠቈሩት ጥርሳቸው ከጥቍረቱ አጠገብ ነጥቶ እንዲታይ ነበር። ጥርሱን ሳይነኩ ማንጣታቸው የብልኅ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ደዌን ከሰው ወደ ሰው ስለሚያሻግር ልማዱን ለልጆቻችን አንመክርም።

ጥርሱን ራሱን ለማንጣት የሚሻ ሰው አስቀድሞ መልኩ የተለወጠበትን ምክንያት ይመርምር። ቡና፥ ሻይ፥ ትንባሆና ጫት ያሳደሩት ቀለም በላዩ ያለ ነውና የጥርስ ሐኪም ጠርጎ ያስለቅቀዋል። ከዚያም ጧትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና በብሩሽ ቢያጸዱት፥ ቀን ደግሞ ጫፉ ታኝኮ በለሰለሰ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በቀስታ ቢፍቁት ቶሎ አይመለስም።

በከሰል፥ በአመድ፥ በአሸዋ ወይም በሎሚ የሚፈትግ ሰው ግን ጥርሱን ያጠፋል። የጥርስ የላይኛው ልባስ ከአጥንት ይልቅ የጠነከረ ቢሆንም አንድ ጊዜ ካለቀ እንደ ጥፍር አይበቅልም። ሎሚው ያለሰልሰዋል፤ ከሰሉ ይፍቀዋል። ከበታቹ ያለው ክፍል በተፈጥሮው ወደ ብጫ የሚያደላ ስለ ሆነ፥ ልባሱ በሳሳ መጠን ጥርሱ ይበልጥ ብጫ ይሆናል፤ ሰውየውም አልነጣልኝም ብሎ ፍትጊያውን ያበረታል።

በእውነት የሚያነጣው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ወደ ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ ቀለሙን ያፈርሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፥ ከመቶ 0.1 በላይ እስከ 6 ድረስ ያለበት ማንጫ ለጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሸጥ፥ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሰጥ ደንግጓል። የተቦረቦረ ጥርስ ያለው አስቀድሞ ይታከም። የተሞላና ሰው ሠራሽ የሆነ ጥርስ በዚህ አይነጣም። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ጥርሱን ቢጠዘጥዘው አያስደነግጥም፤ ንጣቱም ለዘወትር አይደለም።

በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች የጥርሳቸው ቡናማነት ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። ያው በሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ በጕድጓድ ውሃ ሲበዛ፥ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ገብቶ ያበላሸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያሳሰበው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በዚያ ምድር ያሉ ብዙ ጕድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አፉን አይታጠብም ብሎ ማማት ግፍ ነው፤ ስለ ጋብቻ በሚመከርበት ቤትም ይህ ቢታወቅ መልካም ነው። ሐኪም ላዩን በጥቂቱ በመላግ ወይም በማንጫ ሊያሻሽለው ይችላል፤ እጅግ የከፋ ሲሆን ነጭ ሽፋን ይለጥፍበታል።

በዚያ አገር ሕፃን የሚያሳድጉ ወላጆች ልጁ 8 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፍሎራይዱ ያነሰ ሌላ ውሃ ይፈልጉለት፤ በንጹሕ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተፈልቶ ቢሰጠው ይበጃል። የጕድጓዱን ውሃ ማፍላት ግን ለዚህ አይረዳም፤ ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ፍሎራይድ ይበረታል እንጂ አይጠፋም።