ማንም ያልጠረባቸው ዓምዶች

ከሓድነት ወጥቶ በአዲ ጉዶም በኩል ወደ ማይጨው የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። በዕረፍት ጊዜ እንሄድበታለን፤ ትምህርት ሲከፈት እንመለስበታለን። ነገር ግን ስለ ጥቁር ድንጋይ ዓምዶች የተነሣ እንደ ሆነ፣ ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው በመጽሐፍ ሥዕሉን ያየነውን የሰሜን አየርላንድን የባሕር ዳርቻ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህ ዓምዶች ምን እንደ ሆኑ፣ እንዴት እንደ ተሠሩና ሊጐበኛቸው የሚሄድ ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት ባጭሩ እናስረዳለን።

ዓምዶቹን መጀመሪያ ያየ ሰው የጥንት ጠራቢዎች ሥራ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጎኖቻቸው ልሙጥ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም እንደ ማር እንጀራ ተጋጥመዋል። በአየርላንድ ወደ 40,000 የሚሆኑት ዓምዶች አንድ ግዙፍ ሰው ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር የሠራው መንገድ ነው የሚል ተረት አለ። በአውሮፓም የ18ኛው ምዕተ ዓመት ሊቃውንት ጥቁሩ ድንጋይ ከባሕር ውኃ የረጋ ነው፣ የለም ከእሳት የወጣ ነው እያሉ ብዙ ተከራክረዋል። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዴማሬ በአገሩ በኦቨርኝ ዓምዶቹን ተከትሎ ከእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ካሳየ በኋላ፣ ክርክሩ ቀስ በቀስ ወደ እሳቱ ወገን አዘነበለ።

አሠራራቸው እንደሚከተለው ነው። ባዛልት ከምድር ውስጥ ሲወጣ ሙቀቱ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ነው። ፈስሶ ከተኛ በኋላ ከላይ በአየሩ፣ ከታች በመሬቱ በኩል ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ነገር ይኰማተራል፤ ነገር ግን ንጣፉ ሰፊ ስለ ሆነ ወደ አንድ ወገን ሊሰበሰብ አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የዋልካ መሬት ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ያላየ የገበሬ ልጅ የለም። ልዩነቱ ዋልካው የሚሰነጠቀው ውኃው ስለሚወጣ፣ ባዛልቱ ግን ሙቀቱ ስለሚወጣ መሆኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራ፣ ከአይስላንድ በመጣ ባዛልት ላይ ስንጥቁ የሚጀምረው ድንጋዩ ከረጋ በኋላ በ840 እና በ890 ዲግሪ መካከል መሆኑን አሳይቷል።

ስንጥቁ ሙቀቱን ተከትሎ በጥቂት ሴንቲ ሜትር እየዘለለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በዓምዱ ጎን ላይ አግድም የሚታዩት መስመሮች የእነዚህ ዝላዮች ምልክቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ስንጥቆቹ በዘፈቀደ ይገናኛሉ። ወደ ውስጥ በገቡ ቍጥር ግን ሦስት ሦስት እየሆኑ በ120 ዲግሪ ወደ መገናኘት ያዘነብላሉ፤ ጥቂት ስንጥቅ ብዙ ውጥረት የሚያረግበው እንዲህ ሲሆን ነውና። ባለ ስድስት ማዕዘን ዓምድ የሚበዛው ስለዚህ ነው፤ ሆኖም ባለ አምስት፣ ባለ ሰባት፣ አንዳንድ ጊዜም ባለ አራት ይገኛል። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ወፍራም፣ ቶሎ የቀዘቀዘው ቀጭን ዓምድ ይሆናል። የዓምዱም አቅጣጫ ሁልጊዜ ከቀዘቀዘው ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ተጋድሞ ወይም እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ያየነው ዓምድ የጥንቱን ገጽ ቅርጽ ይነግረናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የባዛልት ጎርፍ ፈሰሰ። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ውስጥ ሲሆን፣ ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመቀሌ ዙሪያ የምናየው በይበልጥ የጥንት ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉ ግን ዶለራይት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ገብቶበታል። ዶለራይት የባዛልት ወንድም ነው፤ ከምድር በታች ቀስ ብሎ ስለ ቀዘቀዘ ቅንጣቱ ጐላ ይላል። እርሱም ተሰንጥቆ ነበር፤ ነገር ግን ዝናብና ፀሐይ ማዕዘኖቹን ስለ በሉበት፣ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ድቡልቡል ድንጋይ ሆኖ ነው።

ከሒዋነ አልፎ ወደ አምባ አላጀ ሲወጣ መሬቱ ይለወጣል። ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ይህ ተራራ በ1888 ዓ.ም. እና በ1933 ዓ.ም. በተደረጉት ጦርነቶች ይታወቃል፤ ነገር ግን ድንጋዩም የሚነበብ ታሪክ አለው። ከናፒየር ጦር ጋር በ1860 ዓ.ም. የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የኖራውን ድንጋይ በሕንጣሎ፣ የታችኛውን ባዛልት በአሸንጌ ሐይቅ ስም ሰይሟል፤ ስሞቹም እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት ይሠራባቸዋል። ከዚህ ራቅ ብሎ ለመሄድ የሚችል ደግሞ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ፣ እንዲሁም በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ገደሎች ላይ ዓምዶቹን ያገኛል።

አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። ዓምዱ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ስለ ሆነ ለመስበር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ለግንብ፣ ለጠጠርና ለመንገድ ንጣፍ ይፈለጋል። ሰው ቤት መሥራቱን፣ ወጣቱም በድንጋይ ሥራ እንጀራ መብላቱን አንቃወምም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዓምዱን ከአፈር ሥር ገልጦ ያሳየን ድንጋይ አውጪው ነው። የምንለው፣ ጥሩ ዓምድ በተገለጠበት ስፍራ አንድ ፊት ሳይነካ ይቅር ነው። የፈረሰ ግንብ ይታደሳል፤ 30 ሚሊዮን ዓመት የቆመ ዓምድ ግን አይተከልም።

ለጉብኝት የሚሄዱ ጓደኞቻችን የሚከተለውን ያስቡ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ያልፈነዳ መሣሪያ በየቦታው ጥሎ አልፏል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የጣቢያውን አስተዳደርና እረኞቹን ሳይጠይቁ ከተለመደው መንገድ መውጣት አይገባም፤ የማያውቁትንም ብረት መንካት ክልክል ነው። ከዓምድ ሥር መቆም፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ አደገኛ ነው። መዶሻ ይቅር፤ ደብተርና የመለኪያ ሜትር ይበቃል። ሃምሳ ዓምድ መርጠን የእያንዳንዱን ጎን ብንቈጥርና ውፍረቱን ብንለካ፣ ባለ ስድስቱ በእርግጥ ይበዛ እንደ ሆነ በራሳችን ቍጥር እናውቃለን።

ኅብረታችን በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ አንድ አውቶቡስ ቢያዘጋጅና የሥነ ምድር ተማሪዎች ለሌሎቻችን አስረጂ ሆነው ቢመጡ፣ ወጪው ከአንድ የጭፈራ ምሽት አይበልጥም። ከጉዞው የተገኘውም ልኬት በዚሁ መጽሔት ቢወጣ፣ ከኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስለ ዓምድ ሲጠየቁ የአየርላንዱን ብቻ አይጠሩም።