የተጣመመ አከርካሪ የሚጸናበት አጥንት

የጎበጠ ወይም የተጣመመ አከርካሪ በቀዶ ሕክምና ከተቃና በኋላ በሚነሣው ራጅ ላይ ዓይን ውስጥ የሚገባው ብረቱ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት ብሎኖችና ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ዘንጎች። ሐኪሙን የሚያሳስበው ግን በብሎኖቹ መካከል የተነሰነሰው የተከተፈ አጥንት ነው። ብረቱ ጊዜያዊ ደጋፊ ነው። ታካሚው በተራመደና በጎነበሰ ቁጥር ዘንጉ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ አከርካሪዎቹ ገጥመው አንድ ካልሆኑ ደግሞ፣ ሲያጥፉት ሲዘረጉት እንደሚበጠስ ሽቦ፣ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ይሰበራል።

አጥንቱ ከብረቱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ፣ በየራሳቸው መንገድ፣ አከርካሪን ማጋጠም እንደሚቻል አሳዩ። አልቢ ቲቢ በጎዳው አከርካሪ ላይ ከታካሚው ቅልጥም የተቆረጠ አጥንት ተከለ። የሂዩስተኑ ፖል ሃሪንግተን ስለ ብረት ዘንጉ የጻፈው በ1962 ነው።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የአከርካሪውን ጀርባ እስኪደማ ይፍቃል፤ ሕዋስና የደም ሥር የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀጥሎ አጥንቱን ይነሰንሳል። ከራስ ዳሌ የተወሰደ አጥንት እስካሁን የሚወዳደረው አልተገኘም፤ ሕያው ሕዋስም፣ አጥንት አብቃይ ፕሮቲንም፣ አዲሱ አጥንት የሚንተራሰው መዋቅርም አለው። ዋጋው ሁለተኛ ቁስልና አንዳንዴም የሚሰነብት ሕመም ነው። የወጣት አጥንት ቶሎ ስለሚገጥም ግን ከዚያው ከአከርካሪው የተቀነሰውና ከሟች ለጋሽ የተገኘው ተቀላቅሎ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ዳሌ መክፈት ትርፉ ሕመም ይመስለኛል።

የለጋሽ አጥንት ታጥቦና ደርቆ ሲመጣ በአብዛኛው መዋቅር ብቻ ነው። ሕያው ሕዋስ ይዞ እንዲመጣ ሲሞከር ሌላ አደጋ ይከተላል፤ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ለጋሽ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ምርት ለበርካታ ታካሚዎች ቲቢ አስተላልፏል። ቲቢ የጎዳውን ለመጠገን በተጀመረ ሙያ ውስጥ!

ብዙ ያነጋገረው ግን ፕሮቲኑ ነው። ማርሻል ዩሪስት በ1965 ማዕድኑ በአሲድ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ ሲቀበር አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል ጻፈ። ይህን የሚያዘው ፕሮቲን በላቦራቶሪ ተመርቶ በ2002 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ የተፈቀደው ለታችኛው ወገብ አንድ መጋጠሚያ፣ ያውም ከፊት በኩል ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነበር። ሐኪሞች ግን አንገት ላይ ሳይቀር ተጠቀሙበት፤ በ2008 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንገት አብጦ መተንፈስ እንደሚያስቸግር አስጠነቀቀ። በ2011 ደግሞ ‹ዘ ስፓይን ጆርናል› በአምራቹ ገንዘብ የተሠሩት ጥናቶች ጉዳቱን አሳንሰው እንዳቀረቡ አጋለጠ። ፕሮቲኑ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ረጅም ማቃኛ በሚደረግላቸው አዋቂዎች አጥንቱ ሳይገጥም የመቅረቱን ዕድል ይቀንሳል። የተሸጠው ግን ከተመሰከረለት በላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በሐኪሙ ሪክ ሆድስ ክትትል ሥር የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ጋናዊው ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄ ወደ መሠረቱት የአክራው ፎኮስ ሆስፒታል ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ቀዶ ሕክምናው አክራ ይሁን እንጂ መግጠሙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ አጥንቱ የሚገጥመው አገር ቤት ነው። ሲጋራ መግጠሙን ያዘገያል፤ ቲቢ የነበረበት መድኃኒቱን መጨረስ አለበት። ደህና ሰንብቶ አዲስ ሕመም የጀመረው ወይም ዳግም ማጎንበስ የያዘው ሰው ደግሞ ዘንጉ ተሰብሮ እንደሆነ በራጅ መታየት ይኖርበታል።