ጭራቁ ማን ነው?

በሀብሩ ገጠር ማታ ጅብ ሲጮህ ልጆች ወደ ምድጃው ይጠጋሉ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ትልልቆቹ ጨዋታ ያመጣሉ፦ መቃብር የሚቆፍር ጅብ፣ ወንዝ ዳር የሚጠብቅ ጋኔን፣ መንገደኛን በስሙ እየጠራ የሚያሳስት ድምፅ። አንዱ ታሪክ አልቆ ልብ ሳይረጋጋ ሌላው ይቀጥላል። መርሳም ሁኑ ወልድያ ያው ነው።

ይሄንኑ ወግ ፈረንጆቹ በሥዕል አሳትመው ሸጡት። እ.አ.አ. በ1950 ኢሲ ኮሚክስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት»ን ጀመረ። በአንድ እትም አራት ያህል አጫጭር ታሪኮች ይወጣሉ፤ መቃብር ጠባቂው ሽማግሌ እያሾፈ ይተርካል። መጨረሻው ሁሌም ይገለበጣል፦ ግፈኛው በሠራው ግፍ ይያዛል። በ1954 ግን «ልጆችን ያበላሻል» ተብሎ ጩኸት ተነሳና አሳታሚዎቹ ራሳቸው ጥብቅ ደንብ አወጡ። «ሆረር» የሚለው ቃል እንኳ ከርዕስ ላይ ታገደ። አስር ዓመት ቆይቶ በ1964 «ክሪፒ» መጣ። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ኮሚክ መጽሐፍ ሳይሆን በጥቁርና ነጭ የታተመ የአዋቂ መጽሔት ስለሆነ ደንቡ አይነካውም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? እንዴት ተብሎ! ስለ ንግሥተ ሳባ የሚሳለውን ባህላዊ ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ተጽፎበት ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። የሚጀምረው ደግሞ ሕዝብ በሚገብርለት ዘንዶ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሳለው በላዔ ሰብእም አለ፦ 78 ሰው የበላ፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ የሰጠ፣ በመጨረሻ ሚዛን ላይ የቆመ። ለምእመኑ የምሕረት ታሪክ ነው። አተራረኩን ካያችሁት ግን ፍርሃቱም ያልተጠበቀው መጨረሻም አለበት።

ዘመናዊው ኮሚክስም ተጀምሯል። ኤታን ኮሚክስ እ.አ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ እሱ ግን የልዕለ ጀግና ታሪክ ነው። የአስፈሪው ወግ ቦታ ሰፊ ነው፣ መሣሪያውም እጃችሁ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ብዙ ቀለም አይፈልግም፤ በእርሳስ ስላችሁ በስልክ ማንሳት ትችላላችሁ። በመጽሐፍ ፍርሃቱ ገጽ ሲገለጥ ይመጣል፤ በስልክ ግን አውራ ጣት ወደ ላይ ስትገፋ ነው። ስለዚህ በሩ ሲንኳኳ አንድ ፍሬም፣ ከዚያ ባዶ ጨለማ፣ ከዚያ የተከፈተው በር። ያ ባዶ ቦታ ላይ አንባቢው ራሱን ያስፈራል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የጅቡ ወግ ውስጥ ቡዳ አለ። ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ያልሰማ የለም። ቡዳ የተባለው ግን ማን ነበር? ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ጀበናና ድስት የምትሠራዋ ሸክላ ሠሪ። የሚበላው እንጀራ በእነሱ ማረሻ ታርሶ፣ ቡናው በእነሱ ጀበና ፈልቶ፣ እነሱ ግን ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ያንን ወግ እንዳለ ስሎ በቴሌግራም መልቀቅ የድሮውን ስድብ በአዲስ ልብስ ማሠራጨት ነው።

ታዲያ ይተው? አይደለም፤ ይገልበጥ። ኢሲዎች በ1953 «የፍርድ ቀን» በተባለ ታሪክ አንድ መርማሪ ሮቦቶች በቀለም የተከፋፈሉበትን ፕላኔት ሲጎበኝ አሳዩ። መጨረሻው ፍሬም ላይ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው። በ1956 እንደገና ሊያትሙት ሲሉ ሳንሱሩ ያንን ፊት ቀይሩ አላቸው፤ እምቢ ብለው አሳተሙት።

የእኛውም እንዲህ ሊሳል ይችላል፦ መንደርተኛው ችቦ ይዞ «ጅቧን» ያሳድዳል፣ ሸክላ ሠሪዋ ቤቷ ተደብቃ ጭቃዋን ታቅፋለች፣ በሩ ይሰበራል። መጨረሻው ፍሬም ላይ የችቦው ብርሃን የሕዝቡን ጥላ ግድግዳው ላይ ይጥለዋል፤ የጅብ መንጋ ነው።

የእናንተ አያት የነገሯችሁ ከሁሉ የሚያስፈራው የቱ ነው? እስቲ በስድስት ፍሬም ሞክሩት። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄን ነገ የሚያነበው የማን ልጅ ነው?