የግላኮማ ጠብታ፦ ብልቃጡ ሲያልቅ ምን ይደረጋል?

የሰሜን ሸዋ ደገኛ ለዓይን መድኃኒት እንግዳ አይደለም። የትራኮማው ዚትሮማክስ በዘመቻ ሲታደል በዓመት አንዴ ይዋጣል፤ የቴትራሳይክሊን ቅባትም ለተወሰነ ጊዜ ተቀብተውት ይተዋል። የለመድነው ወስዶ መገላገል ነው። ይህን ልማድ ወደ ግላኮማ ይዞ መሄድ ግን ዓይን ያስከፍላል።

ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ ፈሳሽ ይመነጫል፣ በጠባብ መውጫም ይወጣል። መውጫው ሲታወክ ግፊቱ ይጨምርና (በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው) የዕይታ ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ዕይታም የሚጠፋው ከዳር ጀምሮ ስለሆነ ሰውየው አያስተውለውም። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ለዓይነ ስውርነት መንስኤ ከሆኑት ውስጥ የግላኮማን ድርሻ 5.2 በመቶ አድርጎታል። ከዓይን ሞራ በጣም ያንሳል፤ ግን በሞራ የጠፋ ዕይታ በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፣ በግላኮማ የጠፋ አይመለስም።

ጠብታው የሚያደርገው ግፊቱን ማውረድ ብቻ ነው። «ሦስት ወር ጨመርኩ፣ ምንም ለውጥ የለውም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። እናትዎ እንዲህ ካሉ ያስረዷቸው፤ ዕይታቸው ባለበት መቆየቱ ራሱ የመድኃኒቱ ሥራ ነው።

በብዛት የሚታዘዘው ቲሞሎል 0.5 በመቶ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። ማዘዣው ላይ «ቢ.አይ.ዲ» ከተባለ በቀን ሁለቴ ማለት ነው። ፋርማሲስቱ በእኛ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 እና ማታ 1 ብሎ በአማርኛ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። አስም ካለብዎ ወይም የልብ ምትዎ ዝግ ያለ ከሆነ ሳይታዘዝልዎ በፊት ይናገሩ፤ ጠብታው በእንባ ቦይ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፣ ትንፋሽም ሊያሳጥር ይችላል።

ለዚህ ነው አጨማመሩ የሚያሳስበን። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ ይጨምሩ፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ይጫኑ። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይቆዩ። ጠበል የሚጠመቁም ከሆነ መጀመሪያ ተጠምቀው፣ ፊትዎን አድርቀው ከዚያ ይጨምሩ፤ ወዲያው ከታጠቡ መድኃኒቱም አብሮ ይታጠባል።

ሒሳቡን እንሥራው። የ5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከ100 እስከ 150 ጠብታ ይወጣዋል። ለሁለት ዓይን በቀን አራት ስለሚሄድ አንድ ወር አካባቢ ነው የሚዘልቀው፤ ያውም ሳይባክን። ለመሐል ሜዳ ወይም ለግሼ ሰው መድኃኒቱ ቅርብ ካልተገኘ ደብረ ብርሃን ድረስ በየወሩ መውረድ ሊሆን ነው። እኛ የምንመክረው ሐኪሙ የሁለት ሦስት ወር እንዲያዝልዎ መጠየቅና ብልቃጡ ሳያልቅ ሌላ መግዛት ነው።

ማታ አንዴ የሚጨመረው ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ፍሪጅ ይፈልጋል። ከተከፈተ በኋላ ግን ከ25 ዲግሪ በታች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። እዚህ ላይ የመንዝ ብርድ ውለታ ይውላል፣ ምድጃ ጥግ ካላስቀመጡት በስተቀር! ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርዱ ግን ከፀሐይ ይጠብቁት።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። «ለሚያሳክክ ዓይን» ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ግፊት ይጨምራል። የጎረቤትን ብልቃጥ አይዋሱ።

ጠብታውን በየወሩ ማግኘት የማይሆንልዎ ከሆነ ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ቀዶ ሕክምና ወይም ሌዘር ሊሻል ይችላል። ታንዛኒያ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶ፣ በቲሞሎል ከታከሙት 31 በመቶ ነበር። ቀጠሮ ሲሄዱም ወንድም እህትዎንና ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ በሽታው በዘር ስለሚሄድ የእነሱም ግፊት ይለካ።