ቀትር ሲሆን ስለሚበረታ ደዌ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ምግብ ንጽሕናና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ታነባላችሁ። እኔ ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ግን በቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከቤተ ሰብ ዓይን ስለሚሰወር ደዌ ነው። ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ ይሉታል። ብዕሬን ለማንሣት ያበቃኝ የሕክምና ዕውቀት አይደለም፤ እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን ታናሽ እኅቴ በዚህ ደዌ ከታመመች ስምንት ዓመት ስለ ሆናት፥ በእርስዋም ላይ ያለ አግባብ በተፈረደው ፍርድ የእኔ እጅ ስላለበት፥ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

የምንኖርባት ቡልቡላ ከዝዋይ በስተ ደቡብ፥ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈሳል። አገሩ ሙቀት ስለ ሆነ በበጋ ወራት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ጥላ ያስመኛል። ይህን የሙቀት ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

እኅቴ ባገባች በሦስተኛው ዓመት፥ በሃያ ስምንት ዓመቷ፥ አንድ ቀን የግራ ዓይንዋን ጭጋግ ሸፈነባት። ምች ነው ተብሎ ቅጠል ታጠነች፤ በሦስት ሳምንት ዓይንዋ ተመለሰ፤ ነገሩም ተረሳ። በዓመቱ ደግሞ ከወገብዋ በታች ጉንዳን የሚሄድባት መሰላትና እግርዋ ደነዘዘ። እርሱም ለቀቃት። በሦስተኛው ጊዜ ግን የግራ እግርዋ መሬት እየጎተተ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ሁለት ዓይነት ሆነ። ጠዋት ቤት ትጠርጋለች፥ ቡና ታፈላለች፥ ከጎረቤት ጋር ትሥቃለች፤ ቀትር ሲሆን ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፤ ሲኒ ከእጅዋ ይወድቃል። ምጣድ ከጣደች ደግሞ ሰባተኛውን እንጀራ ሳታወጣ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች።

ባልዋ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሕመም ማን ያውቃል? «ሕመም ከሆነ ጠዋት ወዴት ሄዶ ነበር?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። እናቱም ሰነፍ ሴት ፀሐይ ትፈራለች አሉ። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ፤ ለሽማግሌዎች የሚቀርበውንም ቃል፥ ጽሕፈቴ የተወደደ ስለ ሆነ፥ የጻፍሁለት እኔ ነበርሁ። ቁጥር እየሰጠሁ፥ በምን ቀን ምን ሠርታ በስንት ሰዓት ምን እንዳቃታት ዘርዝሬ ጻፍሁ። የሥጋ ወንድምዋ ሆኜ ይህን ማድረጌ ያን ጊዜ ፍርድን ያለ አድልዎ ማገልገል መስሎኝ ነበር። ለብቻዋም ጠርቼ «እኅቴ፥ ሰውነትሽን እሹሩሩ አትበዪው» ብዬ መከርኋት። እርስዋም ቀና ብላ ሳታየኝ «ጋሼ፥ እግሬ ጠዋት የኔ ነው፤ ቀትር ላይ የሌላ ሰው ይሆናል» አለችኝ። ቃሉን የተንኰል ቃል አድርጌ ተቀበልሁት።

ሽማግሌዎቹ ከመፍረዳቸው በፊት ፍል ውኃ ይሞከር አሉ። ለደነዘዘ እግርና ለወገብ ሕመም ፍል ውኃ መግባት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ለብዙ ሰውም ሕመሙን ያስታግሥለታል። ወደ አንድ ፍል ውኃ ወሰድናት። ከገባች ጥቂት ሳይቆይ ሁለቱም እግሮችዋ ከዱአት፤ ዓይንዋ ጨለመ፤ ሁለት ሴቶች ብብትዋን ይዘው ባያወጧት ኖሮ ሰምጣ ትቀር ነበር። የወንጌሉ መፃጉዕ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር፤ እኅቴ ግን የሚያወርዷት ሰዎች በዝተውባት ነበር። ወደ ማታ ነፋስ ሲነፍስና ሰውነትዋ ሲበርድ ማንም ሳይነካት ተነሥታ ቆመች። አንዳንዱ ጋኔን ነው አለ፤ ባልዋ ግን ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ሰው አስመስሎ አይሰምጥምና።

በዚያው ሳምንት ሦስታችን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። በመጀመሪያ ያየን ሐኪም ደም መርምሮ ቪታሚን ሰጥቶ ሸኘን፤ ሁለተኛው የነርቭ ሐኪም ነበር። እኅቴ ስትጠየቅ እያፈረች አጭር አጭር ትመልስ ስለ ነበረ፥ ባልዋ ከኪሱ ያን የክስ ጽሑፍ አውጥቶ ሰጠው። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለ። እኔ ነኝ ስል «የሕመሙ ታሪክ እንዲህ በቀንና በሰዓት ተለይቶ ሲመጣልኝ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ እግዜር ይስጥዎ» ብሎ አመሰገነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ምስጋና ያሳፈረኝ ነገር የለም። ጥፋትዋ ብዬ የቆጠርሁት እያንዳንዱ ቁጥር የደዌው ምልክት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ኤም አር አይ በሚባለው በማግኔት በሚሠራ መሣሪያ የራስዋና የአከርካሪዋ ምስል ተነሣ፤ በአንጐልዋና በኅብለ ሠረሠርዋ ላይ ጠባሳዎቹ ታዩ።

ደዌው እንዲህ ነው። ከአንጐል ወደ አካል ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች፥ የስልክ ሽቦ ጎማ እንደሚለብስ፥ ማይሊን የሚባል የስብ ልባስ አላቸው። ሰውነትን ከጠላት ሊጠብቅ የተሰለፈው የደም ሠራዊት፥ ጠላት መስሎት ይህን ልባስ ይልጠዋል። የተላጠው ስፍራ ይቈስልና ይጠጥራል፤ ስክለሮሲስ የሚለውም የጽርዕ ቃል መጠጠርን ያመለክታል። ቍስሉ በዓይን ነርቭ ላይ ከሆነ ዓይን፥ በኅብለ ሠረሠር ላይ ከሆነ እግርና ፊኛ ይታመማል። ከመቶ ሕሙማን በሰማንያ አምስቱ ያህል ላይ ደዌው መጀመሪያ እየመጣ እየሄደ ይቈያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶችንም ከወንዶች ይልቅ ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ በማዕድ መለየት ከንቱ ነው።

(ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ደዌውን ከሌሎች ለይቶ በ1868 በፓሪስ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ያስተማረው ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ራሱ ሕመምተኛው የጻፈው ታሪክ አለ፤ ይኸውም የእንግሊዝ ንጉሥ የሣልሳዊ ጊዮርጊስ የልጅ ልጅ የሰር አውጉስተስ ዴስቴ የዕለት መዝገብ ነው። ይህ ሰው በታኅሣሥ 1822 እጅግ የሚወደውን ዘመዱን ሊጎበኝ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ሞቶ አገኘው። ከቀብሩ በኋላ ዓይኑ ደክሞ ደብዳቤዎቹን ሌላ ሰው ያነብለት ነበር፤ ያለ መድኃኒትም ዳነ። በ1827 በፍሎረንስ ከተማ ሳለ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር፤ እግሩም ደከመ። ሐኪሞቹ ሥጋ አብላው፥ ወይን አጠጣው፥ በብሩሽ ፈትገው አሉ፤ ወደ ማዕድን ውኃም ላኩት። ሃያ ዓመት ከሚበልጥ ሕመም በኋላ በ1848 ሞተ፤ ያ መዝገብም የታተመው ልክ መቶ ዓመት ዘግይቶ በ1948 ነው። የንጉሥ ዘር፥ ሐኪምና ገንዘብ ያልጐደለው ሰው፥ የሕመሙን ስም ሳያውቅ ሞተ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እኅቴ ስሙን ለማወቅ አምስት ዓመት መፍጀትዋ ጥቂት ቀለለኝ።

አሁን ያን የሙቀት ነገር ላንሣ። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1890 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከነዚህ ሕሙማን አንዳንዶቹ በጉልበት ሲንቀሳቀሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደክም አስታወቀ። እርሱ ምክንያቱን ድካም ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን የሰውነት መሞቅ መሆኑ ታወቀ። ልባሱ የተላጠ ነርቭ ሙቀት ሲያገኘው መልእክቱን ያቋርጣል፤ ለዚህም የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ሰውነት ሲበርድ ኃይሉ ይመለሳል፤ አዲስ ቍስልም አይጨመርም። ምስል የሚያነሣው መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ሕመምተኛውን በሙቅ ውኃ ገንዳ አግብተው ምልክቱ ሲብስ በማየት ደዌውን ይለዩ ነበር። እንግዲህ እኛ በፍል ውኃው ዳር ሳናውቀው ያደረግነው ያንኑ ምርመራ ነበር።

በስምጥ ሸለቆው አገራችን ደዌው ቶሎ የማይታወቅበት ሌላም ምክንያት አለ። እግርን የሚያስር ነገር ብዙ ነው። የአንዳንዱ ጕድጓድ ውኃ የፍሎራይድ ብዛት ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን አወፍሮ ኅብለ ሠረሠርን እስከ መጫን ይደርሳል። በደጋው ደግሞ በራብ ዘመን ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ይተሳሰራል። የአከርካሪ ነቀርሳም አለ። ከነርቭ ሐኪሞቻችን ቀዳሚ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ስለ ጓያውም ስለ ፍሎራይዱም መርምረው ጽፈዋል፤ ከ1986 እስከ 1988ም ከባልደረቦቻቸው ጋር በመስቃንና ማረቆ፥ በቡታጅራ አካባቢ፥ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ ከስድሳ ሺህ በላይ ሕዝብ የነርቭ ደዌ እንዲጠየቅ አድርገዋል። እኚሁ ሊቅ በ1985 ባወጡት አጭር ጽሑፍ ይህ መልቲፕል ስክለሮሲስ በኢትዮጵያ በእውነት ብርቅ ነውን? ብለው በርእሱ ጠይቀዋል። ከምድር ወገብ የራቁት የሰሜን አገሮች ሕዝቦች በብዛት እንደሚታመሙበት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚለየው ሐኪም በሌለበት አገር ደዌ ሁሉ ብርቅ ይመስላል። በጥቁር አንበሳ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው።

ስለ መድኃኒቱ በአጭሩ፤ ፈጽሞ የሚያድን የለም። የመነሣቱን ድግግሞሽ የሚቀንስ የመጀመሪያው መድኃኒት፥ ኢንተርፌሮን ቤታ፥ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምረዋል፤ ዋጋቸው ግን ለጸሐፊ ቤት አይደለም። በ2023 የዓለም የጤና ድርጅት ከእነርሱ ሦስቱን፥ ክላድሪቢንን፥ ግላቲራመርንና ሪቱክሲማብን፥ አስፈላጊ ከሆኑ መድኃኒቶች መዝገብ አስገባቸው። ይህ በመንግሥት ዘንድ ለሚሠሩ አንባብያን ትርጕም ያለው ነገር ነው፤ የየአገሩ የመድኃኒት ግዥ ያን መዝገብ እያየ ይዘጋጃልና።

የዕለቱን ኑሮ ግን መድኃኒት ብቻ አያቃናውም። እኅቴ እንጀራ የምትጋግረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፥ በሩ ተከፍቶ፥ በአንገትዋ እርጥብ ሻሽ ጠምጥማ። ሊጡን ማታ የሚያወጣላት ባልዋ ነው። ገበያ በጠዋት ትደርሳለች፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ከቤት አትወጣም። ሳይደክማት ታርፋለች፤ ይህ ለእኛ ለመማር ከሁሉ የከበደው ነገር ነበር፥ ደኅና መስላ የተኛችን ሴት ያለ ቅሬታ ማየት። ትኵሳት ሲይዛት ደዌው የተነሣ እንዳይመስላት መጀመሪያ ትኵሳቱን ታበርዳለች። ምርኩዝ እንድትይዝ ዓመት ሙሉ ለመንናት፤ «እናቴ በሰባ ዓመቷ የያዘችውን እኔ በሠላሳ ዓመቴ ልያዝ?» ትል ነበር። በመጨረሻ ሴት ልጅዋ ጐትታ ሰጠቻት።

በጋዜጣ ሊጻፍ የሚያሳፍር አንድ ነገር አለ፤ ቢሆንም በማፈር የሚጐዱ ብዙዎች ስላሉ እጽፈዋለሁ። ደዌው ፊኛን ያስቸኵላል። እኅቴ ቅዳሴ መካከል እንዳትወጣ ብላ ከዋዜማው ጀምራ ውኃ መጠጣት ትታ ነበር፤ ይህም ሌላ ሕመም አመጣባት። ይህን ለባልዋም ለእኔም ሳትነግር ሁለት ዓመት ተሸክማው ኖራለች። ለሐኪም ከተነገረ መድኃኒት አለው፤ አሁን በቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ትቆማለች።

የክሱ ወረቀት አልተቀደደም። ሽማግሌዎቹ ቢመልሱልንም ሐኪሙ እንዲቀጥል ስላዘዘ፥ ያን የቁጥር ዝርዝር በደብተር አዛውሬ እስከ ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ ቃሉን የሚያቀብለኝ አሁንም ባልዋ ነው። የትናንቱ እንዲህ ይላል፦ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣች። 14 እንጀራ ጋገረች። 2 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ቡና ጠጣች። 6 ሰዓት ግራ እግርዋ ሄደ፤ ተኛች። 11 ሰዓት ተመለሰ። ምሽት ከልጅዋ ጋር እስከ ወንዙ ሄዳ መጣች፤ ምርኩዙን የያዘችው ልጂቱ ነበረች።»