የአሥሩ በሮች ፈተና

ገና ሲያዩት የሚወደድ ሰው ደመ ግቡ ይባላል፤ ምንም ሳይበድል ፊት የሚነሳው ደግሞ ደመ መራራ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪ ለመምረጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠቀሙበት ቃለ መጠይቅ፣ በወግ ቢሸፈንም፣ ከዚህ ፍርድ ብዙም አይርቅም። በሰሜን አሜሪካ አመልካቹ በቅድሚያ የዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ያቀርባል፤ ኤምካት የተባለውን፣ ነጥቡ ከ472 እስከ 528 የሚደርሰውን የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ድርሰት ይጽፋል፤ የሚያውቁት መምህራን ይመሰክሩለታል። ይህን ወንፊት ያለፈ ይጠራና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ይጨዋወታል። ጠያቂውን ደስ ካሰኘ ገባ፤ ዐይኑን ካልሞላ ቀረ።

ሌላ መንገድ ያቀረቡት ካናዳ፣ ሐሚልተን ከተማ የሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ኬቨን ኢቫና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት አንዱን ረጅም ጨዋታ በአሥር ቆራረጡት። በአንድ ኮሪደር ዳር አሥር የተዘጉ በሮች አሉ እንበል። በየበሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አመልካቹ ቆሞ ያነባል፤ ለሁለት ደቂቃ ያስባል፤ ደወል ሲሰማ ይገባል። ውስጥ የሚጠብቀው ገምጋሚ ስምንት ደቂቃ ያህል አዳምጦ ነጥብ ይሰጣል፤ ደወሉ ሲደገም ወደ ቀጣዩ በር ነው። ማክማስተር ለናሙና ካወጣቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ራሱ የማያምንበትን መድኃኒት ‘አይጎዳቸውም፣ ያጽናናቸዋል’ ብሎ ለሕመምተኞቹ የሚያዝ ሐኪም ነው፤ አመልካቹ ነገሩን እንዲመረምር ይጠየቃል። በሌላው ክፍል አብራው ለሥራ ልትጓዝ የነበረች ባልደረባ ተቀምጣለች፤ አውሮፕላን መሳፈር ፈርታለች። ሴትየዋ ተዋናይ ናት፤ ገምጋሚው ጥግ ይዞ ይመለከታል። የፈራን ሰው ‘አይዞሽ’ ማለት ቀላል ነው፤ ከሁለተኛው ‘አይዞሽ’ በኋላ ምን እንደሚባል ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። ዘዴው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ደንዲ እ.ኤ.አ. በ1975 ካስተዋወቁት፣ የእኛም አገር የሕክምና ተማሪዎች ኦስኪ ብለው ከሚያውቁት የተግባር ፈተና የተወረሰ ነው።

ብዙ ሰው የዚህ ፈተና ብልሃት ያለው በጥያቄዎቹ ይመስለዋል። ለእኔ ብልሃቱ ቁጥሩ ላይ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ መልካም መናገሩ በሌላው ጉዳይ ላይም መልካም ለመናገሩ ዋስትና አይሆንም፤ ስለ ሥነ ምግባር አሳምሮ የተነተነ ልጅ የምታለቅስ ሴት ፊት ሲቀመጥ እጁ የሚገባበት ሊጠፋው ይችላል። የማክማስተር ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ክፍል የገምጋሚዎችን ቁጥር ከማብዛት የክፍሎቹን ቁጥር ማብዛት የውጤቱን ተአማኒነት ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ አልጋ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ቢሰሙ የሰሙት ያው አንድ ነገር ነው፤ የፊተኛው ተናጋሪም የቀሩትን ይስባል። በአሥር ክፍል አሥር ጊዜ የታየ ሰው ግን ደመ ግቡነቱ ሁሉም ጋ አያዋጣውም፤ አንድ ሰው ያለ ምክንያት ቢጠላውም ዘጠኝ ይቀሩታል።

የድሮው ቃለ መጠይቅ ምን ያህል ደካማ እንደነበር በቴክሳስ፣ ሂውስተን የሕክምና ትምህርት ቤት በአጋጣሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 ምርጫው ካለቀ በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት የተማሪው ቁጥር ከ150 ወደ 200 ከፍ እንዲል አዘዘ። ከላይ የተመደቡት በየፊናቸው ስለገቡ ትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ ካደረገላቸው 800 ሰዎች መካከል በ700ዎቹ ተርታ የነበሩትን፣ ቀድሞ ‘አይሆኑም’ ያላቸውን 50 ልጆች ጠራ። በትምህርታቸውም፣ ተመርቀው በጀመሩት የሥራ ዓመትም ከተመረጡት ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም።

‘እንግዲያው ለምን ዕጣ አይወጣም?’ የሚል ይኖራል። ቀልድ አይደለም፤ ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሕክምና ተማሪዎቿን በዕጣ ስትመርጥ ኖራለች። ከአሥር 9.6 አማካይ ውጤት ያላት ተማሪ ሦስት ጊዜ ዕጣ ሳይወጣላት ሲቀር አገር ተንጫጫ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 አማካያቸው ስምንትና ከዚያ በላይ የሆነ ያለ ዕጣ እንዲገቡ ተደረገ። እኔም ዕጣ ከደካማ ቃለ መጠይቅ እንደሚሻል አልክድም፤ ቢያንስ አያስመስልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በማክማስተር ተመርጠው የገቡት፣ እዚያ ተከልክለው በሌሎች የካናዳ ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ይልቅ በብሔራዊው የሙያ ፈቃድ ፈተና የተሻለ ነጥብ እንዳመጡ አሳይቷል። የማክማስተር ምርጫ የትምህርት ውጤትንም ስለሚያካትት ምስጋናው ሁሉ የበሮቹ አይደለም፤ ከዕጣ ግን ይበልጣል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። በካሊፎርኒያ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ተጫዋችና ደፋር የሆኑ አመልካቾች በዚህ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ‘ትልቅ ሰው ፊት ዝም በል’ ተብሎ ላደገ፣ ዐይን ዐይን እያዩ መናገር ነውር ለሆነበት የሐበሻ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቨርጂኒያ ቴክ ካሪሊየንን የመሰሉ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ግዛት ያሉ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ፈተና ይጠቀማሉ። መልሴ ግማሽ መልስ ነው፤ ዝምተኛን ልጅ አንዱ ረጅም ቃለ መጠይቅም አያድነውም፤ እንዲያውም እዚያ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ገንዘብ ያለው አሠልጣኝ ቀጥሮ ይዘጋጃል የሚለውም እውነት ነው፤ ሆኖም የተሸመደደ ንግግር ባልታሰበ በር ፊት ብዙ አይራመድም። የሚያዋጣው ልምምድ በቤትም ይሠራል፤ አንድ ጉዳይ አንብቦ ሁለት ደቂቃ ማሰብ፣ ከዚያ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ድምፅ አውጥቶ መመዘንና የራስን አቋም ከነምክንያቱ መናገር። እናትና አባትም ሰዓት ይዘው ቢያዳምጡ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ይጠቅማል።

ለአመልካቹ አንድ ነገር ልንገረው፤ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንደበትህ ቢተሳሰር፣ አራተኛው በር ጀርባ ያለው ሰው ያንን አላየም፤ አልሰማምም።