መኮንን ለመሆን የሚሻ ተማሪ ትምህርቱን እንዴት ያቅድ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ከሚነሡት ምርጫዎች አንዱ በመከላከያ ሠራዊት በኩል ከፍተኛ ትምህርት መከታተል ነው። አካባቢው ለዚህ ምርጫ ቅርብ ነው። የአየር ኃይል ዋና መምሪያና የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የሚገኙት በቢሾፍቱ ነውና። ይሁን እንጂ ምርጫው ከመወሰኑ በፊት የትምህርቱ ዋጋ በምን እንደሚከፈል መረዳት ያስፈልጋል።

ዕዳው በዘመን ይከፈላል

በመደበኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ይገባል፤ ሥራ ሲይዝም ድርሻውን ከገቢው በየወሩ ይመልሳል። በሠራዊቱ ወጪ የተማረ ግን ዕዳውን የሚከፍለው በአገልግሎት ዓመታት ነው። እነዚያ ዓመታት የት እንደሚውሉ የሚወስነው ምደባ እንጂ የተመራቂው ፍላጎት አይደለም። ግዳጁም እስከ ሕይወት መስዋዕትነት ሊያደርስ ይችላል። ልጁ በእርሻው ላይ ያግዘኛል ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለት በሮች

በአሜሪካ አንድ ተማሪ በተራ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ፣ ጎን ለጎን ወታደራዊ ትምህርት ወስዶ ሲመረቅ መኮንን የሚሆንበት ሥርዓት አለ። በአገራችን የተለመደው መንገድ ከዚህ ይለያል። የመጀመሪያው በር የሠራዊቱን ኮሌጅ መቀላቀል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሌላ ተቋም ዲግሪ ይዞ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ለእጩ መኮንንነት መወዳደር ነው። በሁለተኛው በር የሚገባ ሰው የሙያ ትምህርቱን በራሱ ምርጫ ይጨርሳል፤ ነገር ግን ማስታወቂያው የሚወጣበትን ጊዜና የሚፈለገውን የሙያ ዘርፍ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ዕቅዱ መቼ ይጀምራል?

ዕቅዱ የሚጀምረው ተማሪው ወደ 11ኛ ክፍል ሲያልፍ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ በሚመርጥበት ጊዜ ነው። ኢንጂነሪንግና የጤና ሙያ የሚሻ ሁሉ የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ፣ በሒሳብና በፊዚክስም መበርታት አለበት።

በመደበኛ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን አቅልሎ ማየት የለበትም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ክፍል ምደባ በዚህ ዓመት ውጤት ላይ ይመሠረታል። ከጋራ ትምህርቶቹ መካከል የአካል ብቃትም ይገኛል፤ ለውትድርና የሚያስብ ወጣት ሩጫና የጉልበት ልምምድን ከዚያው ቢጀምር በምልመላ ወቅት አይቸገርም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ የዋና ዋና ትምህርቶችን ማስታወሻ እስከ መጨረሻው ዓመት መጠበቅ ብልኅነት ነው።

የሙያ ምርጫም እንዲሁ ርቆ ማየትን ይጠይቃል። ሲቪል ምሕንድስና፣ ኤሌክትሪክ፣ መካኒካል፣ ሕክምናና ሒሳብ አያያዝ በሠራዊቱም ሆነ ከአገልግሎት በኋላ በከተማው ሥራ ያስገኛሉ።

ከፊርማው በፊት

የመከላከያ ሠራዊት ምልመላ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ፈቃደኝነት ግን የሚሠራው እስከ ፊርማው ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ውሉና ሕጉ ነው። ስለሆነም ተማሪውና ወላጆቹ አራት ጉዳዮችን በጽሑፍ ሊያረጋግጡ ይገባል፦ የአገልግሎቱ ዘመን ስንት ዓመት ነው? ዘመኑ የሚቆጠረው ከምልመላ ነው ወይስ ከምረቃ? ትምህርቱ በውጤት ማነስ ወይም በሕመም ቢቋረጥ ምን ይከተላል? ዲግሪው በሲቪል መሥሪያ ቤቶች እኩል ይታያል ወይ?

መልሱን ከደላላ ወይም ከሰፈር ወሬ ሳይሆን ከምልመላ ጣቢያው መጠየቅ ይገባል። የውሉን ቅጂ እቤት ወስዶ፣ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ካሉም አስነብቦ፣ ተመካክሮ መፈረም ለወጣቱም ለሠራዊቱም ይጠቅማል። የገባበትን ውል የሚያውቅ መኮንን ግዳጁን በሙሉ ልብ ይወጣልና።